«ከባድ» ላይ ያደረገው እሱ ነው

የዚያን ሐሙስ ጠዋት እናቴ ብርቱካን ልጣ፣ ከፋፍላ፣ ፍሬውን ለቅማ ሰሃን ላይ ደረደረችልኝ። ሻዬንም ስኳር ጨምራ አማሰለችልኝ። እኔ እንግዲህ የሰው ልጆች ሰብስቤ ፒያኖ የማስተምር፣ በሕግም በዕድሜም ትልቅ ሰው የምባል ሴት ነኝ። እጄ ከተሰበረ ወዲህ ግን በዚህ ቤት ማንኪያ ማዞር እንኳ አይፈቀድልኝም።

«እማዬ፣ ሻይ ማማሰል አላቃተኝም እኮ» አልኳት።

«ለከሰዓት እጅሽን እንዳታደክሚው ብዬ ነው።» ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «ባይሳካም ሰማይ አይደፋብሽም።»

ባይሳካ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሰዓት በኋላ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ፊት ተቀምጬ እጫወታለሁ። እጇ ድኗል ካሉ ወደ ክፍሌ፣ ወደ ተማሪዎቼ እመለሳለሁ። አልዳነም ካሉ ግን ከነገ ወዲያ ሊወስደኝ ከመጣው ወንድሜ ጋር አውሮፕላን ላይ እወጣለሁ። እሱ ካለበት ሩቅ አገር ሄጄ ልጆቹን እያየሁ «እስኪሻለኝ» እቀመጣለሁ። ለእናቴ በዚህ ቃል ገብቼላታለሁ። እሷ አፍ አውጥታ አትናገረው እንጂ፣ ከዚህ የምታርቀኝ ለእጄ ብቻ ብላ እንዳልሆነ ይገባኛል። ከአንድ ሰው ልታርቀኝ ነው። «የሱቁ ልጅ» ትለዋለች።

የሱቁ ልጅ ልጅ አይደለም፤ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ ሰው ነው። ከሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የሚላክ ቴክኒሺያን ነው። እናቴ አፍ ላይ ግን ሲሸመግልም የሱቁ ልጅ እንደሆነ ይቀራል።

ወደ ቤታችን ያመጣው ስብራቴ ነው። ዝናብ ባረጠበው የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። ጄሶው ሲፈታ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ የእኔ አልነበሩም። ትምህርት ቤት ሄጄ ፒያኖውን ስነካው፣ እንጨቱ ቀጭ ይላል እንጂ ድምፅ የለም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ቤት ሆኜ በሄድፎን እንድለማመድ ዲጂታል ፒያኖ አስገዛልኝ። ሊገጥመው የመጣው የሱቁ ልጅ ነበር።

በሩ ላይ ቆሞ የመሣሪያ ቦርሳውን ዘረጋልኝ። «ያዢልኝ እስቲ፣ ጫማዬን ላውልቅ» አለ።

እናቴ ከኋላዬ ክው አለች። «አንተ ልጅ፣ እጇ የተሰበረ መሆኑን አታይም?»

«ጄሶው የተፈታ መስሎኝ ነው፣ እትዬ» አለ በትሕትና። ቦርሳውን ግን አልሰበሰበም።

በቀኜ ተቀበልኩት። ሊያመልጠኝ ነበር፣ አላመለጠኝም። ከተሰበርኩ ጀምሮ አንድ ሰው አንድ ነገር እንድይዝለት ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነው። እውነቱን ልናገር፦ የወደድኩት ያኔ ነው፤ ገና ስሙን ሳልጠይቀው።

ፒያኖውን ገጥሞ ሲጨርስ «ሞክሪው» አለኝ። ሞከርኩት። ሁለቱ ጣቶቼ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጠፉ። እንባዬ መጣ። እሱ አላባበለኝም፤ ኬብሉን እየጠቀለለ «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» አለ።

«እኔን እንቁላል አልከኝ?»

«በእግሯ የምትሄደዋን ነው ያልኩሽ።»

ከዚያ ወዲህ ማንም በሌለበት «እንቁላሏ» ይለኛል። ቤተሰቦቼም እንደ እንቁላል ነው የያዙኝ፤ የነሱ ግን እንዳልሰበር ነው።

ያን ዕለት አንድ ነገር ለመንኩት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በየሳምንቱ የጭብጤን ጉልበት እየለካች ቁጥሩን ትነግረኝ ነበር፤ ቁጥሩን በሰማሁ ቀን እህል አይወርድልኝም። «አንተ እንኳ ይህን ያህል ደረስሽ፣ ይህን ያህል ቀረሽ እንዳትለኝ» አልኩት። «ባወቅሁ ቁጥር እፈራለሁ። ስፈራ ጣቴ ይደርቃል።»

«አልነግርሽም» አለ። ቃሉን ሰጠኝ።

በየቅዳሜው «ሴቲንጉን ለማየት» ይመጣ ጀመር። እናቴ ወንበሯን በሩ አጠገብ ስባ ትቀመጣለች፤ ሹራቧን ትሠራለች ይባላል፤ ያ ሹራብ እስከ ዛሬ አንድ እጅጌ ብቻ ነው ያለው። እሱ ስክሪኑ ላይ አጎንብሶ፣ አንዱን በተን ረዘም አድርጎ ይጫንና የሆነ ነገር ይነካካል። ሁልጊዜ ስክሪኑን በመዳፉ ይከልለው ነበር። እኔ ደግሞ ስክሪኑን ትቼ ጆሮውን ነበር የማየው። ቀና ሲል ዓይኖቻችን ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ እናቴ ትስላለች። የእናቴ ሳል መድኃኒት አልተገኘለትም።

ባለፈው ቅዳሜ በር ላይ ስሸኘው «ሐሙስን እለፊና እናትሽን አናግራታለሁ» አለኝ።

«ባላልፍስ?»

«ባታልፊም አናግራታለሁ። አንቺ ግን ያን ጊዜ አትሰሚኝም። ትሄጃለሽ።»

ልክ ነበር። ፈተናውን ከወደቅሁ በኋላ በርኅራኄ የምወሰድ ሙሽራ መሆን አልፈልግም ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ለኔ የእጅ ፈተና ብቻ አልነበረም።

ለማንም ያልተናገርኩት ፍርሃት ግን ነበረብኝ። ስንት ሳምንት ተለማምጄ ጣቶቼ ላይ ለውጥ አይሰማኝም። ያው ድካም ነው፣ ያው ላብ፣ ያው የክንድ ቁርጥማት። ሰው ከታመመ ወይ ይድናል ወይ ይብስበታል፤ እኔ አንድ ቦታ ቆሜ ቀረሁ። ደህና ነኝ እላለሁ። ሆድ ያውቃል።

ብርቱካኑን እንደነገሩ ቀማምሼ ፒያኖው ላይ ተቀመጥኩ። ለከሰዓት ያዘጋጀሁትን ስጀምር የላይኛው ዜማ፣ ሁለቱ ደካማ ጣቶቼ የሚይዙት፣ ደብዝዞ ጠፋብኝ። ደግሜ ጀመርኩ። ደብዝዟል። ሄድፎኑን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ወንድሜ። ሶፋው ላይ ልብሴን እያጠፈ ሻንጣዬ ውስጥ ይከትልኝ ነበር፤ ፈተናውን ሳልፈተን ማለት ነው። ክፋት የለበትም፤ ወንድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ መኪና ከመጣ የሚያቅፈኝ፣ ዶፍ ከመጣ ኮቱን የሚያለብሰኝ ሰው ነው።

«ድምፁ አልወጣ አለኝ።»

«እስቲ ሴቲንጉን ልይልሽ።» ወንድሜ መሐንዲስ ስለሆነ መብራት ያለው ዕቃ ሁሉ ይመለከተኛል ብሎ ያምናል። በተኖቹን አንድ በአንድ ሞከረ፤ አንዱን ረዘም አድርጎ ሲይዘው አይቼው የማላውቅ ገጽ ተከፈተ። «አድቫንስድ ሴቲንግ የሚሉት ይህ ነው» አለ። ወደ ታች ሄደ፦ የድምፅ ቅኝት፣ የፔዳል፣ የማስተጋባት። ከዚያ ቆመ።

«ይህ ተነክቷል» አለ።

«ምኑ?»

«የቁልፎቹ ምት የሚል ነገር አለ። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፤ በየመሃሉም ደረጃዎች አሉት። ከፋብሪካ ሲወጣ መካከለኛ ላይ ነው የሚሆነው። ያንቺ ከባድ ላይ ነው፤ ያውም እስከ መጨረሻው።»

«ከባድ ምኑ ነው? ምኑ ነው የሚከብደው?»

ወንድሜ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ድምፁ ይመስለኛል። በትንሹ ስትነኪው ድምፁን አክብዶ ያወጣልሻል። ደካማ እጅ ላለው ሰው እገዛ ነው መሰለኝ።» የመጨረሻዋን በጣም በዝግታ ነው ያላት፤ ሐኪም መጥፎ ውጤት ሲናገር እንደሚለው ዓይነት።

ፒያኖው እያገዘኝም ጣቶቼ እንዲህ የሚዝሉ ከሆነ፣ ያለ እገዛ ምን ሊሆኑ ነው? ትምህርት ቤቱ ያለው የእንጨት ፒያኖ ነው። እሱ ሴቲንግ አያውቅም። ስክሪኑን የሚከልለው መዳፍ ትዝ አለኝና ፊቴ በእፍረት ነደደ። በየቅዳሜው ያ ሁሉ መጎንበስ ለካ እኔን ለመደለል ነው።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

አብሮኝ ትምህርት ቤት ድረስ ሊሄድ ቃል ገብቶ ነበር። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከሥራ ስለመጣ ቦርሳውን ይዟል። ቦርሳውን በሩ ሥር አስቀመጠና ፊቴን አይቶ ፈገግታው ጠፋ።

«ፒያኖዬን ነካክተሃል?» አልኩት።

ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ገባው። አልካደም። «ከባድ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«የለም። ቀስ በቀስ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እጨምርበት ነበር።»

በየሳምንቱ። ስለዚህ በየሳምንቱ እየባሰብኝ ነበር ማለት ነው፤ እሱም እያየ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳይሰማሽ ብዬ ነው። ደግሞ አንቺው አትንገረኝ አልሽኝ።»

«እኔ ቁጥር አትንገረኝ አልኩህ እንጂ አታልለኝ አልኩህ?»

«እንዲህ የሚከፋሽ አልመሰለኝም።» አንድ እርምጃ ወደኔ ተጠጋ። «ያልነገርኩሽ ሐሙስን አስቤ ነው። ዛሬ ልነግርሽ ነበር፣ ከፈተናው በኋላ።»

«ከተዋረድኩ በኋላ።»

«ማን ነው የሚያዋርድሽ?»

«አንተ ነህ» አልኩት። «እናቴ ብርቱካን ትልጥልኛለች፣ ወንድሜ ሻንጣ ያዘጋጅልኛል፤ እነሱ በግልጽ ነው። አንተ ግን ሰው አድርጎ ያየኛል ስል፣ ተደብቀህ አዘንክልኝ። ከሁሉም የከፋኸው አንተ ነህ።»

ግራ የተጋባ ፊት ነበረው፤ እኔ ያን ግራ መጋባት እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርኩት። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ፎጣዋን እንደያዘች ቆማለች። ሳሏ እንኳ ጠፍቷል።

«አላዘንኩልሽም» አለ ቀስ ብሎ። «አንድም ቀን።»

«ውጣልኝ።»

ወጣ። በሩን እንኳ ሳያጋጭ፣ እንደ ሁልጊዜው በጣቱ መልሶ ዘጋው። ቦርሳውን ረስቶታል። እኔ ቦርሳውን እያየሁ፣ ሰው የሚወደውን ሰው በገዛ አፉ አባሮ እንዴት እንደሚተነፍስ ሊገባኝ አልቻለም።

«ይሻላል፣ ልጄ» አለች እናቴ። «ዛሬ ተዋርደሽ ከምትመለሺ ደውለን አልመጣም እንበላቸው። ዕረፊ።»

ወንድሜ ስልኩን አወጣ። እኔ አልከለከልኩትም። ያንንም እንደ እሺታ ወሰዱት፤ ለነገሩ እሺታ ነበር። ከመደወሉ በፊት ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። እውነቱን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ያለ እገዛ ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ እድሜ ልኬን ሌላ አገር ቁጭ ብዬ ማሰብ አልፈልግም።

«ቆይ» አልኩት ወንድሜን።

ስክሪኑ ላይ ያው ገጽ ተከፍቶ ነበር። «ከባድ» ከሚለው ወደ «ቀላል» መለስኩት። እገዛው ይጥፋ ብዬ ነው። የሄድፎኑንም ገመድ ነቀልኩ፤ የሚሰማ ነገር ከሌለ አለመኖሩን እናቴም ትስማው። እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ በለመድኩት ጉልበት፣ በየቀኑ እያላበኝ በምመታው ጉልበት፣ የቀለበት ጣቴንና ትንሿን ጣቴን አንድ ላይ አሳረፍኳቸው።

ቤቱ ተናወጠ።

ቁም ሳጥን ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። እናቴ ፎጣዋን ጣለች። ወንድሜ ስልኩን በደረቱ ደግፎ ከሶፋው ተነሳ። እኔ እጄን በድንጋጤ አነሳሁትና አየሁት። የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

እንደገና መታሁ፣ በትንሿ ጣት ብቻ። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ጎልቶ፣ ክፍሉን ሞላው። ትንሿ ጣቴ አልተጣጠፈችም። ቀጥ ብላ ቆማለች።

ከባድ የተባለው ድምፁ አልነበረም። ከባድ የተባለው ሥራው ነው። ከባድ ላይ ሲሆን ፒያኖው ጉልበትሽን ካልሰጠሽኝ ድምፄን አልሰጥሽም ይላል። ቀስ በቀስ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። እንዳይሰማሽ ብዬ። ያ ሰው በየቅዳሜው ጣቴ በጠነከረ መጠን ሸክሜን ይጨምርብኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ለውጥ ያልተሰማኝ። አንድ ቦታ የቆምኩ ሲመስለኝ ለካ ዳገት እየወጣሁ ነበር። እኔ ደግሞ አዘንክልኝ ብዬ አባረርኩት።

አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስኩት፣ ፒያኖው ላይ ተደፍቼ፣ ግንባሬ የነካው ቁልፍ ሁሉ እየጮኸ።

«ምንድን ነው? አመመሽ?» እናቴ ትከሻዬን ያዘች።

«አላመመኝም፣ እማዬ። ድኛለሁ።»

ነገሩን ሳስረዳት ቆማ ሰማችኝ። ሲገባት ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። «ይህ ልጅ በየሳምንቱ ፊቴ ቁጭ ብሎ ሲያለፋሽ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ ሲያለፋኝ ነበር። እናንተ ሁላችሁም አቀለላችሁልኝ። እሱ ብቻ ነው ክብደት የሰጠኝ።»

ወንድሜ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ደግሞ ስለ ፒያኖ ምን አውቃለሁ። ራውተር ቢሆን ኖሮ አልሳሳትም ነበር» አለ። በዚያ ሁሉ እንባ መሃል ሳቄ መጣ።

ስልኩን ደወልኩለት፤ ዝግ ነው። ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ በሩ ሥር ያለውን ቦርሳ በቀኜ አነሳሁ። ያው እንደ መጀመሪያው ቀን ነው፤ ብረት የሞላው የሚመስል።

«አምጪው እኔ ልያዝልሽ» አለ ወንድሜ፣ ልማዱ ሆኖ።

«ተዋት» አለች እናቴ። ነጠላዋን እየፈለገች ነበር፣ ወደኔም አላየችም። «ትያዘው።»

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ደረስን። ደረጃው ላይ፣ እኔ የወደቅሁበት ደረጃ ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ካባረርኩት በኋላም መጥቶ እየጠበቀኝ ነበር፤ ቃል ስለገባ። የተተኮሰው ሸሚዝ ተጨማዷል። እኔን ሲያይ ተነሳ፤ ከዚያ እጄን አየ፣ የቦርሳውንም ማንገቻ። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ይቀበለኝ ነበር። እሱ አልተቀበለኝም። ቆሞ ጠበቀኝ።

ደረጃውን ወጥቼ ፊቱ ደረስኩ። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ከንፈሬም።

«ከባድ ማለት ድምፁ መስሎኝ ነበር» አልኩት። «የምታግዘኝ መስሎኝ ነበር።»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ደግሞ ስላለፋሁሽ የተቆጣሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «መንገዱን ሙሉ፣ ምነው ትንሽ ብቀንስላት ስል ነበር።»

«እንዳትቀንስ» አልኩት። «ይቅርታ አድርግልኝ። እባክህ እንዳትቀንስ።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ነበር፤ እናቴ ከታች ቆማ እያየችን አልሳለችም።

ቦርሳውን እግሩ ሥር ትቼለት፣ ክፍሉ ውስጥ የገባሁት ብቻዬን ነው። ዳይሬክተሩና ሁለት መምህራን መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። የእንጨቱ ፒያኖ እንደ ድሮው ጥቁርና ዝምተኛ ነው። ፍርሃቱ ሊለቀኝ አልቻለም፤ ቤቴ ውስጥ ያየሁት ሁሉ የማሽን ጨዋታ ቢሆንስ? እጄን አሳረፍኩ፣ የላይኛውን ዜማ ለሁለቱ ጣቶቼ ሰጠኋቸው።

መለሰልኝ። እንጨቱ መለሰልኝ። ከቤቴ ፒያኖ ይልቅ ይህ የቀለለ ነበር፤ ትልቅ ሸክም ተሸክሞ ሲያወርደው ሰው እንደሚቀልለው፣ እጄ ከራሱ በላይ ሊሄድ ይፈልግ ነበር። መሃል ላይ ስደርስ ዳይሬክተሩ እጁን አነሳ። «ይበቃል» አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ተማሪዎችሽ ሰኞ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት የሚመቻቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ኮሪደሩ ላይ እናቴና እሱ አንድ ወንበር ክፍት ትተው ተቀምጠው ነበር፤ ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፊቴን አይተው አወቁ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። እሱ ተነሳ፣ ቦርሳውን ከእግሩ ሥር አንስቶ ወደኔ ዘረጋው፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

«ያዢልኝ እስቲ፣ እንቁላሏ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እናትሽን ላናግር ነው።»

በቀኜ ተቀበልኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚንቀጠቀጠው ልቤ ነበር።